በአቧራ የተሸፈኑ ሩቅ ጋላክሲዎችን ለማግኘት የትኛው ዘዴ ይመረጣል? የንጽጽር መመሪያ

ከዋክብት በዩኒቨርሱ ታሪክ ውስጥ ካመነጩት ብርሃን ግማሽ ያህሉ በተፈጠረበት መልኩ ወደ እኛ አይደርስም። በጋላክሲዎቹ ውስጥ ያለው አቧራ ይውጠውና ሞቆበት ጉልበቱን በሩቅ ኢንፍራሬድ ሞገድ መልሶ ይለቀዋል። ኮቢ የተባለችው ሳተላይት የሰበሰበችው መረጃ ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣውን ይህን ደብዛዛ ብርሃን ከ1996 ጀምሮ ለመለካት አስቻለ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ብርሃኑ ከየትኞቹ ጋላክሲዎች ይመጣል የሚል ነበር። መልሱ ብዙም አልዘገየም። በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ በሚገኘው የ15 ሜትር ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመው ስኩባ የተባለ ካሜራ፣ በዓይን በሚታይ ብርሃን እጅግ የደበዘዙ ወይም ጭራሽ የማይታዩ፣ ነገር ግን በየዓመቱ የመቶዎችና አልፎ አልፎም የሺህ ፀሐዮችን ክብደት የሚያክል ጋዝ ወደ ከዋክብት የሚለውጡ ሩቅ ጋላክሲዎችን ከ1997 ጀምሮ ያሳይ ጀመር።

እነዚህን ጋላክሲዎች ለመፈለግ ዛሬ አዲስ ቴሌስኮፕ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የኸርሸል የጠፈር ቴሌስኮፕ ካርታዎችና ካታሎጎች ለማንም ክፍት ናቸው። የሚያስቸግረው መንገዱን መምረጥ ነው። ከዘዴዎቹ አንዱም ሁሉንም ጋላክሲዎች አያገኝም፤ እያንዳንዱ በሚጠቀምበት የሞገድ ርዝመት የተነሳ የተወሰነ ርቀትና የተወሰነ የአቧራ ሙቀት ያላቸውን ያቀርባል፣ ሌሎቹን ደግሞ ሳያሳውቅ ይጥላል። ስለዚህ «የትኛው ዘዴ ብዙ ያገኛል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «የትኞቹን ባጣ ሥራዬ አይበላሽም?» ብሎ መነሳት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በዚሁ ጥያቄ ላይ ይመሠረታል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

ከዋክብትን በብዛት በሚፈጥር ጋላክሲ ውስጥ ያለው አቧራ በአብዛኛው ከዜሮ በታች ከ230 እስከ 250 ዲግሪ ሴልሲየስ የሚደርስ ሙቀት አለው፤ ብርሃኑም ከምንጩ ሲነሳ ወደ 100 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በሚጠጋ የሞገድ ርዝመት ላይ ከፍተኛ ይሆናል። ዩኒቨርሱ ስለሚለጠጥ ሞገዱም አብሮ ይለጠጣል፤ የዚህ መለጠጥ መለኪያ ሬድሺፍት ይባላል፣ ቁጥሩ በበዛ መጠንም ጋላክሲው የራቀ ነው። ሬድሺፍቱ 4 በሆነ ጋላክሲ ሞገዱ በ5 ስለሚባዛ፣ የ100 ማይክሮኑ ጫፍ ወደ እኛ ሲደርስ 500 ማይክሮን ላይ ይገኛል። ኸርሸል ከ2009 እስከ 2013 ባደረገው ምልከታ ስፓየር የተባለው ካሜራው ሰማይን በ250፣ በ350 እና በ500 ማይክሮን ይቀርጽ ስለነበር፣ የብርሃኑ ጫፍ በየትኛው ላይ እንዳረፈ ማየት ስለ ርቀቱ ፍንጭ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ፍንጩ ሁለት ትርጉም አለው። ሬድሺፍቱ 4 የሆነና አቧራው 50 ኬልቪን (ኬልቪን ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዜሮ በታች ከ273 ዲግሪ ሴልሲየስ ተነስቶ ይቆጠራል) የሚሞቅ ጋላክሲ፣ ሬድሺፍቱ 1 ከሆነና አቧራው 20 ኬልቪን ብቻ ከሆነ ጋላክሲ ጋር በሦስቱ ሞገዶች ተመሳሳይ የቀለም ቅርጽ ያሳያል፤ 50ን ለ5፣ 20ን ለ2 ስናካፍል ሁለቱም 10 ኬልቪን ይሆናሉና። ሦስቱን ቁጥሮች ብቻ የያዘ ሰው ሩቁንና ሞቃቱን ከቅርቡና ከቀዝቃዛው የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ይህን የሚፈታ የስሌት ብልሃትም የለም፣ ተጨማሪ ምልከታ ነው የሚፈታው።

ሁለተኛው ችግር የምስሉ ጥራት ነው። የኸርሸል መስታወት 3.5 ሜትር ስፋት ቢኖረውም፣ በእነዚህ ረጃጅም ሞገዶች የአንዲት ነጥብ ምስል በ250 ማይክሮን ወደ 18፣ በ350 ወደ 25፣ በ500 ደግሞ ወደ 36 የቅስት ሰከንድ ይሰፋል (አንድ ዲግሪ 60 የቅስት ደቂቃ ወይም 3600 የቅስት ሰከንድ ነው)። በሬድሺፍት 4 ላይ 36 የቅስት ሰከንድ ወደ 800 ሺህ የብርሃን ዓመት ይሸፍናል፤ ይህም የእኛን ፍኖተ ሐሊብ የሚያክሉ ስምንት ጋላክሲዎች ጎን ለጎን የሚደረደሩበት ስፋት ነው። በዚህ ክብ ውስጥ የሚወድቁ ደብዛዛ ጋላክሲዎች ብርሃናቸው ተደምሮ አንድ ሆኖ ይታያል። ምልከታውን ማራዘም የመሣሪያውን ሁከት ይቀንሳል እንጂ ይህን መደበላለቅ አይቀንስም፤ ወሰኑ በሦስቱም ሞገዶች በግምት 6 ሚሊጃንስኪ (ሚሊጃንስኪ ወደ እኛ የሚደርስ ብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ላይ ቆሞ ይቀራል።

በቀይ ቀለም መምረጥ

በእጁ የኸርሸል ካርታ ብቻ ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ዘዴ ይህ ነው፤ መስፈርቱም ቀላል ነው፦ ብርሃኑ ከ250 ወደ 350፣ ከ350 ወደ 500 ማይክሮን እየጨመረ የሚሄድ ምንጭ ይመረጣል። የዘዴው ጉልህ ውጤት ኤችኤፍኤልኤስ3 የተባለው ጋላክሲ ነው። በሦስቱ ሞገዶች ብርሃኑ በቅደም ተከተል ወደ 12፣ 32 እና 47 ሚሊጃንስኪ ይለካል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያየ ሰው ጫፉ ከ500 ማይክሮንም እንደሚያልፍ ይጠረጥራል፤ በ2013 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረትም ሬድሺፍቱ 6.34 ነው፣ ማለትም የምናየው ከታላቁ ፍንዳታ 880 ሚሊዮን ዓመት ያህል በኋላ በነበረበት ሁኔታ ነው።

በአሠራሩ ላይ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከተዘጋጀ ካታሎግ ላይ ሦስቱን ልኬቶች ወስዶ ማነጻጸር ሲሆን፣ ብዙ ካታሎጎች ምንጮችን የሚለዩት የተሻለ ጥራት ባለው የ250 ማይክሮን ካርታ ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ሞገድ በጣም የደበዘዙት፣ ማለትም ልንፈልጋቸው የተነሳናቸው ራሳቸው፣ ከመጀመሪያው ካታሎጉ ውስጥ አይገቡም። ሁለተኛው መንገድ ካርታዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት ጥራት አደብዝዞ፣ የ500 ማይክሮኑን ካርታ በ0.92 አባዝቶ ከእሱ ላይ የ250 ማይክሮኑን 0.392 እጥፍ መቀነስና በተገኘው የልዩነት ካርታ ላይ ምንጮችን መፈለግ ነው። ኸርሸል ካደረጋቸው የሰማይ ቅኝቶች አንዱ በሆነው በኸርሚስ 21 ስኩዌር ዲግሪ ላይ 38 ቀይ ምንጮች የተገኙት፣ ኋላም 274 ስኩዌር ዲግሪ በሚሸፍን ሰፊ ካርታ ላይ 477 የተለዩት በዚህ መንገድ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት የልዩነት ካርታውን እመርጣለሁ። ሥራው ይበዛል፣ ጥራትም በማደብዘዙ ይጠፋል፤ ግን ካታሎግ የሠራው ሰው ለሌላ ዓላማ ያደረገውን ምርጫ ሳያውቁ ከመውረስ ይሻላል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ድክመት ግን በቀለሙ ትርጉም ላይ ነው። በሬድሺፍት 2 አካባቢ ያሉ አቧራማ ጋላክሲዎች ከሬድሺፍት 4 በላይ ካሉት በብዙ እጥፍ ይበዛሉ። ከእነዚህ ብዙዎች ውስጥ ጥቂት በመቶው እንኳ በሁከት ወይም በጎረቤት መደበላለቅ ምክንያት በ500 ማይክሮን ከእውነተኛ መጠናቸው በላይ ደምቀው ቢለኩ፣ እውነተኞቹን ሩቅ ጋላክሲዎች በቁጥር ሊስተካከሉ ወይም ሊበልጡ ይችላሉ። በ500 ማይክሮን ክቡ ሰፊ መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ጎረቤቶችን በዛ አድርጎ የሚያስገባው ለመምረጫ የምንጠቀምበት ሞገድ ራሱ ነውና። ኤች-አትላስ በተባለው ሌላ የኸርሸል ቅኝት ውስጥ ከተገኙት በሺዎች የሚቆጠሩ እጅግ ቀይ ምንጮች መካከል 109 ተመርጠው በ850 እና በ870 ማይክሮን እንደገና ሲለኩ፣ ከሬድሺፍት 4 በላይ እንደሆኑ የተገመቱት ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሲሶ ትንሽ አይደለም፤ ነገር ግን የቀይ ምንጮችን ብዛት ቆጥሮ «የሩቅ ጋላክሲዎች ብዛት ይህ ነው» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ይህን ሲሶ ማስታወስ አለበት።

ከዚህም ሌላ ብላዛር የሚባሉት፣ ብርሃናቸው ከአቧራ ሳይሆን ከጥቁር ጉድጓድ ከሚወጣ ጨረር የሚመነጭ ጋላክሲዎች፣ ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ስለሚደምቁ ፍጹም ቀይ ሆነው ይታያሉ። እነሱን ማስወገድ ግን ቀላል ነው፦ በ1.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ካታሎጎች ላይ ጎልተው ይገኛሉ።

በድምቀት መምረጥ፦ የስበት ሌንስ

በ500 ማይክሮን ከ100 ሚሊጃንስኪ በላይ የደመቀ ምንጭ ከሦስት አንዱ ነው፦ ወይ ቅርብ የሆነ ጠመዝማዛ ጋላክሲ፣ ወይ ብላዛር፣ ወይ ደግሞ በመሃል የቆመ ሌላ ጋላክሲ በስበቱ ብርሃኑን ያጎላለት ሩቅ ጋላክሲ። የመጀመሪያው በተራ የሰማይ ፎቶግራፍ፣ ሁለተኛው በሬዲዮ ካታሎግ ይለያል፤ የቀረው ሁሉ ማለት ይቻላል ሦስተኛው ነው። በ2010 በኤች-አትላስ የመጀመሪያ 14 ስኩዌር ዲግሪ ካርታ ላይ በዚህ መስፈርት የቀሩት አምስት ምንጮች አምስቱም በስበት ሌንስ የጎሉ ሆነው ተገኝተዋል። በንጽሕና ረገድ ከዚህ የሚወዳደር ሌላ ዘዴ አላውቅም።

ዋጋው ደግሞ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ብርቅነት ነው፤ በኤች-አትላስ 600 ስኩዌር ዲግሪ ገደማ ውስጥ የተገኙት እጩዎች 80 ናቸው፣ ማለትም በየ7 ወይም 8 ስኩዌር ዲግሪው አንድ። ትንሽ መስክ ብቻ የያዘ ሰው ይህን ዘዴ ባይሞክር ጊዜውን ያተርፋል። ሁለተኛው ደግሞ ሌንሱ ራሱ የሚያስከትለው ማዛባት ነው፤ ትንሽና ሞቃት የሆነው የጋላክሲው ክፍል ከሰፊው ክፍል የበለጠ ሊጎላ ስለሚችል፣ የተለካው ቀለም የመላው ጋላክሲ ቀለም ላይሆን ይችላል። ስለ አንድ ጋላክሲ ውስጣዊ አካል በጥልቀት ማጥናት ለሚፈልግ ግን ሌንስ ወደር የለውም፤ ኤስዲፒ.81 የተባለው በሬድሺፍት 3.04 ላይ ያለ ጋላክሲ አልማ በተባለው፣ በቺሊ በሚገኘው የብዙ አንቴናዎች ቴሌስኮፕ፣ አንቴናዎቹ ተራርቀው ሲታይ ቀለበት ሠርቶ የታየው በዚህ ማጉላት ነው። ስለ ጋላክሲዎች አጠቃላይ ብዛት ለሚጠይቅ ግን የሌንስ ናሙና አስቸጋሪ ነው፤ መጀመሪያ የማጉላቱ መጠን ለእያንዳንዱ መሰላት አለበት።

በረጅም ሞገድ መምረጥ

በ850 ማይክሮንና ከዚያ በላይ አንድ እንግዳ ነገር ይከሰታል። ጋላክሲው ሲርቅ ብርሃኑ በርቀቱ ምክንያት ይደክማል፣ ነገር ግን በዚያው መጠን የብርሃኑ ጫፍ ወደምናይበት ሞገድ እየቀረበ ይመጣል፤ ሁለቱ ሲካካሱ ተመሳሳይ ጋላክሲ በሬድሺፍት 1ም ሆነ በሬድሺፍት 8 በ850 ማይክሮን በተቀራራቢ ድምቀት ይታያል። በዚህ ምክንያት ይህ ሞገድ ርቀትን አያዳላም ይባላል፤ ሙቀትን ግን ያዳላል፣ ቀዝቃዛ አቧራ ያላቸውን አብዝቶ ያቀርባልና።

የስኩባ ተተኪ የሆነው ስኩባ-2 በ850 ማይክሮን ወደ 5 ስኩዌር ዲግሪ የሚጠጋ ሰማይ ቃኝቶ 3000 ያህል ምንጮች አግኝቷል፤ የምስሉ ክብም ወደ 15 የቅስት ሰከንድ ስለሆነ ከኸርሸል 500 ማይክሮን በእጅጉ የተሻለ ነው። ነገር ግን ርቀትን አያዳላም ማለት ሩቆቹን ይለያል ማለት አይደለም። አልማ ከእነዚህ ምንጮች ብዙዎቹን በጥራት ሲመለከት 700 ያህል ጋላክሲዎች የተለዩ ሲሆን፣ የሬድሺፍታቸው መካከለኛ ዋጋ 2.6 ነው። ስለዚህ ከሬድሺፍት 4 በላይ ያሉትን የሚፈልግ ሰው 850 ማይክሮንን ብቻውን ሳይሆን ከኸርሸል ሦስት ሞገዶች ጋር አጣምሮ ቢጠቀምበት ይጠቀማል፤ አራተኛው ነጥብ ጫፉን ከሁለት በኩል ስለሚይዘው ቀደም ብለው ከተጠቀሱት 109 ቀይ ምንጮች ከሬድሺፍት 4 በላይ የሆኑት ሲሶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ የተገመተው በዚህ ነው።

ሞገዱ ወደ 2 ሚሊሜትር ሲረዝም ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ቅርብ ያሉት አቧራማ ጋላክሲዎች እየደከሙ ስለሚሄዱ የሚቀሩት በብዛት ሩቆቹ ናቸው። የ10 ሜትሩ የደቡብ ዋልታ ቴሌስኮፕ 2500 ስኩዌር ዲግሪ በ1.4 እና በ2 ሚሊሜትር ቃኝቶ ካገኛቸው እጅግ ደማቅ አቧራማ ምንጮች መካከል ለ81ዱ ሁሉ ሬድሺፍት የተለካ ሲሆን፣ መካከለኛ ዋጋው 3.9 ነው፤ ከእነሱም አንዱ ኤስፒቲ0311-58 በሬድሺፍት 6.9 ላይ ያሉ ሁለት እጅግ ግዙፍ ጋላክሲዎች ሲዋሃዱ የሚያሳይ ነው። ሁለቱን ሞገዶች ማወዳደር ብላዛሮችንም ወዲያው ይለያል፤ አቧራ በ1.4 ሚሊሜትር፣ ብላዛር በ2 ሚሊሜትር ይደምቃልና። እነዚህ ምንጮች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በሌንስ የጎሉ ናቸው፣ ስለዚህ በቀደመው ክፍል የተባለው ማስጠንቀቂያ ይከተላቸዋል። ያልጎሉትን በ2 ሚሊሜትር ለማግኘት አልማ 184 ስኩዌር የቅስት ደቂቃ ሰማይ ቃኝቶ 13 ብቻ አግኝቷል። ጥቂት ናቸው፤ ግን ከሬድሺፍት 3 በታች ያሉት በመካከላቸው አናሳ ናቸው።

ቦታን ከሌላ ሞገድ መዋስ

አራተኛው መንገድ የተደበላለቀውን የኸርሸል ብርሃን በሌላ ሞገድ ቦታቸው በታወቀ ጋላክሲዎች መካከል ማከፋፈል ነው። ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ24 ማይክሮን ያያቸው ወይም በ1.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ የተለዩ ጋላክሲዎች ዝርዝር ይወሰድና፣ እንደ ኤክስአይዲ ፕላስ ያለ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የሚደርሰውን ድርሻ ከእነ እርግጠኝነቱ ያሰላል። በሬድሺፍት 1 እና 2 አካባቢ ስላሉ ተራ ጋላክሲዎች ለሚያጠና ይህ ምርጥ ዘዴ ነው። ለሩቆቹ ግን አልመክረውም፦ በዝርዝሩ ላይ ያልነበረ ጋላክሲ ብርሃኑ ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ ሩቆቹ ደግሞ በዝርዝሩ ላይ ያለመኖር ዕድላቸው ሰፊ ነው። በሬድሺፍት 4 ላይ የስፒትዘር 24 ማይክሮን የሚያየው ከምንጩ በ4.8 ማይክሮን የተነሳውን ደካማ ብርሃን ነው፤ የሬዲዮ ብርሃንም ከርቀት ጋር ያለ ማካካሻ ይደክማል።

እንግዲህ ማን የቱን ይያዝ

ሰፊ የኸርሸል ካርታ እንጂ የቴሌስኮፕ ጊዜ የሌለው ሰው የቀይ ቀለም ዘዴን በልዩነት ካርታ ቢሠራ ይሻላል፤ ግን ውጤቱን የእጩዎች ዝርዝር ብሎ ይጥራው፣ በካርታው ላይም የታወቀ ብርሃን ያላቸው ሰው ሠራሽ ምንጮችን አስገብቶ ስንቱ እንደሚገኝና የስንቱ ቀለም እንደሚዛባ ይለካ። ሰው ሠራሾቹን ባዶ ካርታ ላይ መጣል አይበቃም፤ ጋላክሲዎች በክምችት ስለሚኖሩ የክምችቱን ውጤት ያካተተ የተመሰለ ሰማይ ያስፈልጋል። ለጥቂት ጋላክሲዎች ጥልቅ ምልከታ ማመልከቻ የሚጽፍ የሌንስ ዝርዝርን ይምረጥ። ከሬድሺፍት 4 በላይ ያለውን የኮከብ መፈጠር ፍጥነት መቁጠር የሚፈልግ፣ ትንሽ ናሙና የሚታገሥ ከሆነ፣ 2 ሚሊሜትር በንጽሕናው ይበልጣል። የፕላንክ ሳተላይት ካርታዎች ክባቸው ወደ 5 የቅስት ደቂቃ ስለሚሰፋ ለነጠላ ጋላክሲ አይሆኑም፤ ገና በመሰባሰብ ላይ ያሉ የጋላክሲ ክምችቶችን ለሚፈልግ ግን ስፋቱ ራሱ ጥቅም ይሆናል።

በየትኛውም መንገድ የተገኘ እጩ በመጨረሻ ወደ አልማ ወይም ኖኤማ ወደተባለው፣ በፈረንሳይ ወደሚገኘው ተመሳሳይ የአንቴናዎች ቴሌስኮፕ ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ አለ፦ የአልማ አንድ እይታ በ870 ማይክሮን 17 የቅስት ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሚሸፍን፣ በኸርሸል 500 ማይክሮን ካርታ ላይ በተነበበ ቦታ ብቻ ከተጠቆመ ጋላክሲው ከእይታው ጠርዝ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቦታውን ከ250 ማይክሮን ካርታ፣ ከተቻለም ከ850 ማይክሮን ልኬት መውሰድ ያስፈልጋል።

ሬድሺፍቱን የሚወስነው ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ የሚለቃቸው መስመሮች (በተወሰኑ ድግግሞሾች ላይ ብቻ የሚወጣ ብርሃን) ናቸው፤ አንድ መስመር ብቻውን ግን አይበቃም። በ92.2 ጊጋኸርዝ ላይ አንድ መስመር ተገኘ እንበል። መስመሮቹ ከዝቅተኛው ድግግሞሽ ጀምረው ሲቆጠሩ አራተኛው ከሆነ ሬድሺፍቱ 4፣ ሦስተኛው ከሆነ 2.75፣ አምስተኛው ከሆነ ደግሞ 5.25 ነው። ከ84 እስከ 116 ጊጋኸርዝ ያለው መስኮት በሙሉ ሲቃኝ ሁለተኛ መስመር በ115.3 ላይ ከወጣ ሬድሺፍት 4 ይጸናል፣ በ110.6 ላይ ከወጣ 5.25 ይሆናል፤ በመስኮቱ ውስጥ ሁለተኛ ካልተገኘ ሬድሺፍቱ 2.75 ሊሆን ስለሚችልና ያኔ ሁለተኛው መስመር የሚወጣው በ122.9 ስለሆነ፣ ቀጣዩ ማመልከቻ ለዚያ ድግግሞሽ የሚሆነውን ተቀባይ መጠየቅ ይኖርበታል።